ምርምር እንጀራ ነው፤ በሩ ግን ለሁሉም ይከፈት

(ከዚህ በታች የምናቀርበው አዲስ አበባ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችና ሥራ ፈላጊ ምሩቃን ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው። ተናጋሪው በምርምር ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ንዑስ ርዕሶቹ የዝግጅት ክፍሉ ናቸው።)



ስለ ምርምር ለመስማት ይህን ያህል ሰው ሆናችሁ በመምጣታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት "ሥራ አለ ወይ?" ብላችሁ ለመጠየቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አይታፈርበትም። እናት ከጉሮሮዋ ነጥላ ያስተማረችው ልጅ ተመርቆ ሲመጣ ዲግሪው ግድግዳ ላይ፣ ልጁ ሶፋ ላይ ሆነው ቢቀሩ ማን ደስ ይለዋል?

ስለዚህ መልሱን ከወዲሁ ልናገር። ሥራ አለ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ የምርምር ሥራ አለ፤ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለታሪክ ምሩቁም፣ ለግዕዝ አዋቂውም፣ ለሒሳብ ሰውም አለ። ችግሩ ሥራው መኖሩ በአደባባይ አለመነገሩ ነው። ሲነገርም ለጥቂቶች ጆሮ መድረሱ ነው። ዛሬ የምናገረው በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ላይ ይሆናል።

ተመራማሪ ማለት ማን ነው?

በአገራችን "ተመራማሪ" ሲባል ነጭ ካባ የለበሰ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ያወረደ ዶክተር ነው ትዝ የሚለን። ይህ ስህተት ነው። አንድ ምርምር ሲካሄድ ዋናው ተመራማሪ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ከሱ ሥር ግን ረዳት ተመራማሪ አለ፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን አለ፤ ቤት ለቤት እየዞረ መጠይቅ የሚያስሞላ መረጃ ሰብሳቢ አለ፤ እሱን የሚቆጣጠር ሱፐርቫይዘር አለ፤ መረጃውን ኮምፒዩተር ውስጥ የሚያስገባ፣ የሚያጣራ፣ በስታቲስቲክስ የሚተነትን አለ፤ ተርጓሚ አለ፤ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ አለ፤ ሒሳብ ያዥና ሹፌርም አሉ። አንድ ጥሩ ጥናት ብዙ ቤት ያበላል። ስለዚህ "እኔ ዶክትሬት የለኝም፣ ምርምር የኔ አይደለም" የሚል ካለ ቆም ይበል። መግቢያው በር ከታች ነው ያለው።

አሁን በየትምህርቱ ዘርፍ እንሂድ። በወሬ ብቻ አትመኑኝ፤ ሥራ ሆኖ የታየውን ልቁጠርላችሁ።

ከእንዶድ እስከ ቡታጅራ

በጤናና በሥነ ሕይወት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ አድዋ ላይ የወንዝ ዳር ጥናት ሲያደርጉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ነው። በእንዶድ ልብስ ማጠብ እናቶቻችን ከጥንት የሚያውቁት ነገር ነው፤ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ግን ሥራ ሆነ። ከሱ ጋር የፓቶባዮሎጂ ተቋም አደገ፤ ዛሬ ተቋሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ፣ ብዙዎች "አማራጭ ኖቤል" የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ የውኃ ቱቦ የሚደፍን አንድ ዓይነት ዛጎላም እንስሳ ሐይቆቻቸውን ሲያስቸግር፣ እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታወቀ። በዚህ ጥቅሙ ላይ የባለቤትነት መብት ያወጣው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የኛ እናቶች ያወቁት፣ የኛ ሰው ያረጋገጠው ነገር ወረቀቱ ውጭ አገር ተጻፈ። ለምን? ግኝትን ተከታትሎ መብት የሚያስመዘግብ የሕግ ባለሙያም የምርምር ሠራተኛ መሆኑን ስላልተረዳን ነው። ሕግ የተማራችሁ ልጆች፣ ይህ የናንተ የሥራ መስክ ነው!

ወደ ቡታጅራ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራን ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሄደ፣ ማን መጣ እያሉ ይመዘግቡ ነበር። ቀላል ይመስላል። ግን ልደትና ሞት በወጉ በማይመዘገብበት አገር ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ የሚታወቀው እንዲህ ተቆጥሮ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ ጅማ በግልገል ጊቤ፣ ሐረማያ በቀርሳ ተመሳሳይ ሥራ አቋቁመዋል። እዚህ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ የአካባቢው ልጅ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀጠራል፤ የሕዝብ ጤና ምሩቅ ይቆጣጠራል፤ የስታቲስቲክስ ምሩቅ ይተነትናል፤ የሶሺዮሎጂ ምሩቅ ሰው ለምን ጤና ጣቢያ እንደማይሄድ ይጠይቃል።

ማሽላና መሬት

እርሻ የምርምር አባት ነው። በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተማርንና ምርምርን ከመጀመሪያው አንድ ላይ ይዞ ነው የተነሳው። ከዚያ ከወጡት አንዱ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ተመርቀው፣ አሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠርተው፣ ድርቅ የሚቋቋም የማሽላ ዲቃላ ለሱዳን አበረከቱ። በኋላም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። አቀንጭራ ማለት ገበሬው ያልዘራው፣ የዘራውን ግን ሥሩ ሥር ሆኖ የሚመጥ አረም ነው። ወሎና ትግራይ ያደገ ልጅ ያውቀዋል።

ጤፍም አለ። ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት ከተማ ያለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 "ቁንጮ" የተባለውን የጤፍ ዝርያ አወጣ። ቁንጮ ዛሬ ከገበሬ አፍ የማይጠፋ ስም ነው። ጤፍ ማዳቀል ማለት በዓይን የማይለይ አበባ በማጉያ መነጽር እያዩ በጥቃቅን መቆንጠጫ መሥራት ነው። ጥድፊያ አይወድም፤ ፈጣን እጅና ረጅም ትዕግሥት ይፈልጋል። ዝርያውን ያወጣው ሰው ስሙ ይጻፋል፤ መቆንጠጫውን የያዘው ቴክኒሺያን ግን በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም። ሥራውን ግን ሠርቷል፤ ደመወዝም በልቶበታል።

ስለ መሬት ደግሞ ማን ያልሰማ አለ? በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፣ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሌሊት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ደረጃ ሲወርድ፣ ሁላችንም አንድ ነገር ጠየቅን። "ምን ሊመጣ ነው?" መልስ የሚሰጡን እነማን ነበሩ? የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ሰዎች ናቸው። ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ ላይ የተቋቋመውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ለዓመታት የመሩት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አውጥተዋል።

ይህን መጽሐፍ ያነሳሁት በምክንያት ነው። መሣሪያ ከመተከሉ በፊት መሬት መቼ እንደተንቀጠቀጠ እንዴት ይታወቃል? የነገሥታት ዜና መዋዕል ተገልጦ፣ የተጓዦች ማስታወሻ ተነቦ ነው። አያችሁ? ግዕዝ የሚያነብ ሰው ለጂኦፊዚክስ አስፈለገ! "የኔ ትምህርት ሥራ የለውም" የሚሉ የቋንቋና የታሪክ ምሩቃን ይህን ያስቡበት።

ብራና፣ መዝገበ ቃላትና አጥንት

ታሪክና ቋንቋን ብዙ ሰው ይንቃል። "ታሪክ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙ እነሆ ዛሬም አሉ። መዝጋቢው፣ ብራና ጠጋኙ፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ አስጎብኚው ሁሉ የምርምር ሠራተኛ ነው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ተመልከቱ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ተተኩሶባቸው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ተሰደዱ። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኝ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረው፣ ከኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ለዓለም እንዲታወቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመዘግቡና ሲያጠኑ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ታላቁን የማክአርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የሠሩት ሥራ አንድ ትልቅ ተቋም የሚሠራውን ያህል ነው። ግን ልብ በሉ፤ የኛ ሀብት የተጠናው፣ የኛ ሰው የተቀጠረው በሰው አገር ነው።

የቋንቋ ሰዎችም የራሳችሁ መስክ አላችሁ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. አማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። አሁን ደግሞ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛን ኮምፒዩተር እንዲያነብና እንዲሰማ የማድረግ ሥራ መጥቷል። ይህን የኮምፒዩተር ምሩቅ ብቻውን አይወጣውም፤ ግስ የሚያረባ ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል። እኛ ካልሠራነው ሌሎች ይሠሩልናል፤ ሲሠሩልን ደግሞ እንደ እንዶዱ ነው የሚሆነው።

የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረውን የ15 መንደሮች ጥናት እወቁ። አንዱን ቤተሰብ ደጋግሞ በመጠየቅ ገበሬው በድርቅ ዓመት በሬውን ለምን እንደሚሸጥ፣ ከሸጠ በኋላ መቼ እንደሚያገግም የታየበት ነው። ዓለም ስለ ድህነት ሲጽፍ ይህን መረጃ ደጋግሞ ጠቅሷል። መጠይቁን ይዘው ጭቃ የረገጡት ግን የኛው ልጆች ናቸው።

ስለ ሰው ዘር አመጣጥ አንድ ልጨምር። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመርቀው ብሔራዊ ሙዚየም በጀማሪ ባለሙያነት ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷን ሕፃን "ሰላም"ን አገኙ። አጥንቱን ከድንጋዩ ፈልቅቆ ማውጣት ብቻ ዓመታት ፈጀ። ከጀማሪ ቅጥር የት እንደሚደረስ ይኸው ምስክር።

በሩን የሚዘጋው ማነው?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለ ሥራው የት ገባ? አሁን ወደ መራሩ ነገር ልምጣ።

አንደኛ፣ ፖለቲካ ነው። በ1967 ዓ.ም. ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የተጀመረ ጥናት ሁሉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀይ ሽብር ሲመጣ ደግሞ ያለቀው አልቆ የተረፈው ተሰደደ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ከነሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት መካከል የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። አንድ አንጋፋ ተመራማሪ ሲባረር ወንበሩ ብቻ አይደለም ባዶ የሚሆነው። ሥራውን የሚረከቡት ረዳቶች፣ የሚያማክራቸው ተማሪዎች፣ በስሙ የሚመጣው ገንዘብ አብረው ይሄዳሉ። ዳቦ ጋጋሪው ሲባረር ምጣዱ ብቻውን አይጋግርም።

ሁለተኛ፣ ዘመድ አዝማድ ነው። ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ዓርብ ከሰዓት ተለጥፎ ሰኞ ጧት ይነሳል። "ልምድ ዜሮ ዓመት" ተብሎ ይጻፋል፤ ፈተናው ላይ ግን የሚገባው ሰው ቀድሞ ይታወቃል። "ይህን ፕሮጀክት የሚያውቅ ሰው ይመረጣል" ይላል፤ ፕሮጀክቱን የሚያውቀው ግን የአለቃው የእህት ልጅ ብቻ ነው። ዝም ብዬ ነው የምናገረው? ሳቃችሁ መልስ ሰጥቶኛል።

ሦስተኛ፣ ሥራው የውሰት ነው። አብዛኛው የምርምር ቅጥር የፕሮጀክት ቅጥር ነው። ለጋሹ ገንዘብ ሲሰጥ ውሎ አበል አለ፣ መኪና አለ፣ ነዳጅ አለ። ለጋሹ ፊቱን ሲያዞር ሁሉም ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም የብዙ ሰው ኮንትራት በአንድ ሳምንት ወረቀት ሆኖ ቀረ። በሰው ገንዘብ የሚጠና ጥናት የሰውን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። የኛን ጥያቄ ማን ይጠይቅልን?

አራተኛ፣ ስም መነጠቅ ነው። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ ሦስት ክረምት ገጠር ለገጠር ዞሬ የሰበሰብኩት መረጃ በሌላ ሰው ስም ታትሞ አይቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰውየውንም አልጠራም። ብጠይቅ "አበልህን በልተህ የለ እንዴ?" ተባልኩ። አበል የድካም ነው፤ ስም ግን የሥራ ነው። ሁለቱ አይለዋወጡም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ለናንተ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እንደ ግዴታ አትዩት፤ የመጀመሪያ የሥራ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ከሌላ የገለበጠ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል። በየትኛውም ዘርፍ ያላችሁ ስታቲስቲክስ ተማሩ፤ የጤናም የታሪክም ሰው ቢሆን ቁጥር ከማይፈራ ሰው ጋር መሥራት ይወዳል። አንድ ተጨማሪ የአገራችንን ቋንቋ እወቁ፤ መጠይቅ በአስተርጓሚና መጠይቅ በራስ አፍ አንድ አይደሉም። መምህራችሁን "ሥራ ይኖራል?" ብላችሁ ሳይሆን "ምን እያጠኑ ነው? ላግዝዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። ማስታወቂያ በጋዜጣም በቴሌግራምም ይወጣል፤ ግን የየኮሌጁን ሰሌዳ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ስትቀጠሩ ኮንትራቱን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፦ እስከ መቼ ነው? ደመወዙ ከማን ነው? ሲታተም ስሜ የት ይገባል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውጭ አገር ዕድል ካገኛችሁ ሂዱ። ማንም "አትሂዱ" ብሎ ሊከለክላችሁ አይገባም። ስትሄዱ ግን የምታጠኑት ነገር እዚህ ካለ ወንዝ፣ እዚህ ካለ ማሳ፣ እዚህ ካለ ብራና ጋር ገመዱ አይበጠስ።

ቀጥሎ ለዩኒቨርሲቲዎች። መንግሥት አዲስ አበባን፣ ጎንደርን፣ ጅማን፣ ሐረማያን፣ ሐዋሳን፣ ባሕር ዳርን፣ አርባ ምንጭንና መቀሌን "የምርምር ዩኒቨርሲቲ" ብሏቸዋል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። መልካም ነው። ግን ስም ካባ ነው፤ ካባ ብቻውን ንጉሥ አያደርግም። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ አራት ነገር እንጠይቃችኋለን።

አንድ፦ የምርምር ክፍት ቦታ ሁሉ፣ የፕሮጀክትም ቢሆን፣ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይውጣ፤ በቂ ጊዜም ይቆይ። ሁለት፦ የፈተናው ውጤትና የመረጣው ምክንያት ለተወዳዳሪው በጽሑፍ ይነገረው። ሦስት፦ ከለጋሽ ገንዘብ ውጭ በራሳችሁ በጀት የምትቀጥሯቸው ቋሚ ተመራማሪዎች ይኑሩ፤ በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑም ይኑሩ። አራት፦ ሰው በአስተሳሰቡ፣ በብሔሩ ወይም በድርጅት አባልነቱ ከምርምር ቦታው እንዳይነሳ፣ በዚያም እንዳይቀጠር በደንባችሁ ጻፉ፤ ከጻፋችሁም አክብሩት።

እነዚህ አራቱ ገንዘብ የሚጠይቁ አይመስላችሁ። ከሦስተኛው በስተቀር ሁሉም የሚፈልጉት ቀናነት ብቻ ነው።

ልጆቼ፣ ይህች አገር የምትጠይቀው ጥያቄ ሞልቷታል። ዝናብ ለምን ዘገየ? መሬት ለምን ተናወጠ? ሕፃናቱ በምን ይሞታሉ? ገበሬው ለምን ይደኸያል? አያቶቻችን ምን ጽፈው ሄዱ? ጥያቄ ባለበት ሥራ አለ። መልሱን ለመፈለግ ተቀጥሮ ደመወዝ መብላት እንደ ማንኛውም ሙያ የተከበረ ሙያ ነው። በሩ ሲዘጋባችሁ በዝምታ አትመለሱ፤ ማስታወቂያው የት ነው በሉ፣ ውጤቱ የት ነው በሉ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ቅጂውን ያዙ። ያልጠየቀ ሰው መብት እንዳለውም አይታወቅም።